ሥራ የሚያስገኝ ኮድ፦ ከሰፈራችሁ እድር ጀምሩ

ኮዲንግ የጀመሩ ልጆች አዘውትረው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ፦ "ቀጥዬ ምን ልማር?" ኤችቲኤምኤልና ሲኤስኤስ ያውቃሉ። ጃቫስክሪፕት ጀምረዋል። የሪአክት ቪዲዮ አይተዋል። በ2016 ዓ.ም. ከተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም የወሰዱት ሰርተፊኬትም አላቸው። ሲቪያቸው ላይ ያለው ፕሮጀክት ግን ካልኩሌተር፣ የአየር ጠባይ ማሳያና የዕለት ሥራ መመዝገቢያ ነው። ለመለማመጃ ጥሩ ናቸው። ችግሩ፣ ሲቪውን የሚያነበው ሰው እነዚህኑ ሦስቱን ከሌላውም አመልካች ላይ አይቷቸዋል፤ ስለ እናንተ የሚነግሩት አዲስ ነገር የለም።

መልሴ ሁሌም ይኸው ነው። ሌላ ኮርስ አትጀምሩ። በአቅራቢያችሁ ላለ እውነተኛ ሰው አንድ ትንሽ ነገር ሥሩና ጨርሱ። ላፕቶፓችሁ ላይ ስለሠራ ብቻ አለቀ አይባልም። ሰውየው በራሱ ስልክ ከፍቶ ሲጠቀምበት፣ ሲበላሽበት ሲደውልላችሁ፣ እናንተም ስታስተካክሉለት ነው ያለቀ የሚባለው። የሶፍትዌር ኢንጂነር ሥራ አብዛኛው እዚያ ውስጥ ነው ያለው፤ ኮርስ ደግሞ ልክ እዚያ ሲደርስ ያበቃል።

መጀመሪያ ደብተሩን እዩ

ለምሳሌ እድርን ልውሰድ። ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ዋሽንግተን አካባቢ ያሉ ወገኖቻችን ያቋቋሟቸው እድሮች እንኳ ጣጣቸው ያው ነው። አባላት አሉ፣ ወርሃዊ መዋጮ አለ፣ ላረፈደ ቅጣት አለ፣ ሐዘን ሲደርስ ለቤተሰቡ የሚሰጥ ገንዘብ አለ። እዚህ አገር ከሆነ ድንኳን፣ ወንበርና ብረት ድስትም ይጨመራል። ይህ ሁሉ የሚገኘው በብዙ ሰፈር ገንዘብ ያዡ እጅ ባለ አንድ ደብተር ላይ ነው።

ኮድ መጻፊያችሁን ከመክፈታችሁ በፊት መዋጮ በሚሰበሰብበት ቀን ሄዳችሁ ገንዘብ ያዡ አጠገብ ቁጭ በሉ። "ምን ዓይነት ሲስተም ይፈልጋሉ?" ብላችሁ አትጠይቁ። "አንተ እንዳወቅክ ልጄ" ነው የሚሏችሁ፤ ከዚያ ምንም አታገኙም። ይልቅ እጃቸውን እያያችሁ ጠይቁ። አንድ ሰው የሦስት ወር አንድ ላይ ሲከፍል እንዴት ነው የሚጽፉት? አባል ሲሞት አባልነቱ ለባለቤቱ ይዞራል ወይስ አዲስ ምዝገባ ነው? ጳጉሜን ላይ ይከፈላል? በስህተት የተጻፈ ቁጥር እንዴት ይታረማል? ደብተሩ ኅዳግ ላይ በቀይ እስክሪብቶ የተጻፉትን ነገሮች በተለይ እዩ። መደበኛው አምድ ያልቻላቸው ጉዳዮች ሁሉ እዚያ ናቸው፤ ሲስተማችሁንም የሚያስቸግሩት እነሱው ናቸው።

ከዚያ የገባችሁን በአንድ ገጽ፣ በአማርኛ፣ ያለ ምንም ቴክኒካል ቃል ጽፋችሁ አንብቡላቸው። "እሱ እንኳን እንደዚያ አይደለም" የሚሉበት ቦታ ይኖራል። ያቺ አንዷ እርማት ብዙ ኮድ ከማፍረስ ታድናችኋለች። በመጨረሻ የመጀመሪያውን ሥሪት ወደ ሦስት ነገር አጥቡት፦ አባል መመዝገብ፣ ክፍያ መቀበል፣ ማን የስንት ወር እንዳለበት ማሳየት። የድንኳኑ ኪራይም፣ በቴሌብር መክፈሉም፣ የስልክ አፑም ይቆዩ። ሰው ስትጠይቁ ሁሉንም ይፈልጋል፤ የእናንተ ሥራ ቅደም ተከተሉን መምረጥ ነው።

በምን ልሥራው ለሚለው ብዙ አልጨነቅም። ፒኤችፒ ከላራቬል ጋር፣ ፓይተን ከጃንጎ ጋር፣ ወይም ኖድ፤ የምታውቁትን ያዙ። ለዚህ ሥራ ሪአክት አያስፈልግም ባይ ነኝ። ሰርቨሩ የሚሰጠው ተራ የኤችቲኤምኤል ፎርም ይበቃል፤ በደካማ ስልክ ላይ ደግሞ ቶሎ ይከፈታል። ማንኛውንም ፍሬምወርክ ብትመርጡ ግን ፎርም ሲላክ ምን እንደሚከሰት፣ ማለትም ብራውዘሩ ምን እንደሚልክ፣ ሰርቨሩ ምን እንደሚመልስ፣ ኩኪ ምን እንደሚሠራ፣ ፍሬምወርኩን ወደ ጎን ትታችሁ ማስረዳት መቻል አለባችሁ። ካልቻላችሁ ኤምዲኤን በሚባለው የድር ማስተማሪያ ገጽ ላይ ያለውን የኤችቲቲፒ (ብራውዘርና ሰርቨር የሚነጋገሩበት ደንብ) ማብራሪያ አንብቡ። በነፃ ነው፤ በጣም ጥሩም ነው።

ስም፣ ፊደልና ፍለጋ

እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ በውጭ አገር ሰው የተዘጋጀ ኮርስ ይህን አያስተምራችሁም።

መጀመሪያ ፎርሙ። ከኮርስ የተገለበጠ ፎርም "የመጀመሪያ ስም" እና "የቤተሰብ ስም" ይላል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ብላችሁ ሦስት ሣጥን አድርጉ። ይህን ያላስተዋለ ሲስተም የአልማዝ አባት ከበደ ከሆኑ "ውድ ወይዘሮ ከበደ" ብሎ መልእክት ይልካል፤ ዝርዝሩንም በአባት ስም ይደረድረዋል፤ ገንዘብ ያዡም ማንንም ማግኘት ያቅታቸዋል።

ቀጥሎ ዳታቤዙ። ማይኤስኪውኤል የሚባለውን ዳታቤዝ የምትጠቀሙ ከሆነ የሠንጠረዡ የፊደል አያያዝ ዩቲኤፍ ኤት ኤምቢ ፎር (utf8mb4) መሆኑን በዓይናችሁ አረጋግጡ። የአማርኛን ፊደል በማይዘው በድሮው ላቲን ዋን የተፈጠረ ሠንጠረዥ ላይ የአማርኛ ስም ስታስገቡ ተደርድሮ የሚመጣው የጥያቄ ምልክት ብቻ ሊሆን ይችላል። አንዴ ጥያቄ ምልክት ሆኖ የተቀመጠ ስም ደግሞ አይመለስም፤ መረጃው ጠፍቷል። ፖስትግሬስ በሚባለው ሌላው ዓይነት ላይ ዳታቤዙ በዩቲኤፍ ኤት ከተፈጠረ ችግር የለም።

ዋናው ጣጣ ፍለጋው ነው። ኃይለ ማርያም የሚባሉ አባል አሉ እንበል። ጸሐፊው "ኃይለ ማርያም" ብሎ መዘገባቸው። ገንዘብ ያዡ ሲፈልጓቸው "ሀይለማሪያም" ብለው ጻፉ። ለእኛ አንድ ሰው ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሀ እና ኃ ፈጽሞ የተለያዩ ፊደላት ናቸው፣ ክፍተቷ ራሷ አንድ ፊደል ናት፣ ርያም እና ሪያም አይገናኙም። ውጤቱ ባዶ ገጽ ነው። ከዚያስ? ገንዘብ ያዡ "አልተመዘገቡም ማለት ነው" ብለው እንደ አዲስ ይመዘግቧቸዋል። አሁን አንድ ሰው ሁለት ሆኗል፣ ክፍያውም ለሁለት ተከፍሏል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ስሙን ሰውየው እንደጻፈው ሳትነኩ አስቀምጡ፤ የሰው ስም ማረም የእናንተ ሥራ አይደለም። ከጎኑ ለፍለጋ ብቻ የሚሆን ሁለተኛ አምድ ጨምሩ። እዚህኛው አምድ ላይ ሐ፣ ኀ፣ ሃ፣ ሓ እና ኃ ሁሉ ወደ ሀ ይለወጡ፤ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ፣ ዓ እና ኣ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ፤ የቀሩት ቤቶችም እንደዚያው። ክፍተትና ነጠብጣብ ይውጣ። ሰው ሲፈልግም የጻፈውን ቃል በዚያው መንገድ አሳልፋችሁ ከሁለተኛው አምድ ጋር አወዳድሩ። "ማርያም" እና "ማሪያም" ዓይነቱን ለብቻው ትንሽ ደንብ ጻፉለት። ከዚህ በላይ መሄድ ይቻላል፣ ለእድር ግን ይህ ይበቃል።

ስም ሲደረደርም ተመሳሳይ ነገር ይገጥማችኋል። ኮምፒውተሩ ዝም ብሎ ዩኒኮድ ለፊደላት በሰጠው ቁጥር ቅደም ተከተል ሲደረድር ሠ ከረ በፊት፣ ሰ ደግሞ ከረ በኋላ ይመጣል። ስለዚህ ሠናይትና ሰናይት በመካከላቸው ራሔልን አስገብተው ይለያያሉ። በሁለተኛው አምድ ደርድሩ፣ ያበቃል።

ስልክ ቁጥርን እንደ ቁጥር አታስቀምጡ፤ መጀመሪያ ላይ ያለችው ዜሮ ትጠፋለች። ሰው በ09 ይጽፋል፣ በ07 ይጽፋል፣ በ251 ይጽፋል፣ መሃሉ ላይ ክፍተት ያደርጋል። ሁሉንም ተቀብላችሁ ወደ አንድ መልክ ለውጡት። ደግሞ አንድ ስልክ ለባልና ለሚስት፣ አንዳንዴም ለመላው ቤተሰብ ሊሆን ስለሚችል "ይህ ቁጥር ተይዟል" ብላችሁ ሰው አትመልሱ።

ቀንና ብር

እድር የሚኖረው በእኛ ካላንደር ነው። እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ስላሉ አትደባልቋቸው።

ገንዘቡ የተቀበላችሁበት ቀን አንድ ነገር ነው። ይህን ዳታቤዝ ውስጥ በግሪጎሪያን አስቀምጡ፣ ለሰው ስታሳዩ ግን በኢትዮጵያ አሳዩ። መዋጮው የየትኛው ወር እንደሆነ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። "የ2017 የኅዳር መዋጮ" ስም እንጂ ቀን አይደለም፤ ስለዚህ ዓመቱንና የወሩን ቁጥር እንዳለ፣ 2017 እና 3 ብላችሁ አስቀምጡት። ይህን ወደ ግሪጎሪያን ቀን ለውጦ ለማስቀመጥ የሚሞክር ሰው ራሱን ለወራት ራስ ምታት ይዳርጋል፤ ኅዳር የኖቬምበርና የዲሴምበር ቁራጭ ነውና።

ብራውዘሮች ውስጥ ኢንትል የሚባል የጃቫስክሪፕት ክፍል አለ፤ የኢትዮጵያን ካላንደር ያውቃል። አንድን የግሪጎሪያን ቀን ስትሰጡት "ኅዳር 12" ብሎ ይመልስላችኋል። የተገላቢጦሹን ግን አይሠራም። ሰው ኅዳር 12 ብሎ ሲያስገባ ወደ ግሪጎሪያን የሚቀይረውን ክፍል ራሳችሁ ትጽፋላችሁ ወይም የተጻፈ ላይብረሪ ትወስዳላችሁ። በሁለቱም መንገድ ፈትኑት። ከግሪጎሪያኑ ዓመት ላይ 8 መቀነስ ብቻ የሚበቃ የሚመስላቸው አሉ፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማገባደጃ ልዩነቱ 7 ነው። መስከረም 1 አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ይውላል፣ ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ ግን ሴፕቴምበር 12 ነው። ለመፈተኛ እነዚህን ውሰዱ፦ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ሴፕቴምበር 11፣ 2023 ነበር፤ መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12፣ 2023፤ መስከረም 1 ቀን 2017 ደግሞ ሴፕቴምበር 11፣ 2024። ሦስቱም ከወጡላችሁ ብዙውን አልፋችኋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ጃቫስክሪፕት ሰዓት የሌለው ቀን ስትሰጡት የዩቲሲ (የዓለም መነሻ ሰዓት) እኩለ ሌሊት አድርጎ ይወስደዋል። አዲስ አበባ ላይ ሦስት ሰዓት ስለምንቀድም ምንም አይታወቃችሁም። ያንኑ ገጽ ዋሽንግተን ያለ አባል ሲከፍተው ግን ቀኑ በአንድ ወደ ኋላ ይሄዳል። "እኔ በ12 ነው የከፈልኩት፣ ለምን 11 ይላል?" የሚል ስልክ ከመጣ ምክንያቱ ይህ ነው። ላፕቶፓችሁን ወደ ዋሽንግተን ሰዓት ቀይራችሁ አንዴ ሞክሩት።

ብርን በነጥብ ቁጥር አታስቀምጡ። ብራውዘራችሁ ላይ 0.1 እና 0.2 ደምሩ፤ 0.30000000000000004 ነው የሚላችሁ። በሳንቲም፣ በሙሉ ቁጥር አስቀምጡ፤ 50 ብር 5000 ሳንቲም ናት። ደግሞ የተመዘገበ ክፍያ በፍጹም አይሰረዝ፣ አይስተካከልም። ስህተት ከተገኘ የሚሽር ሌላ መስመር ይጻፍ፣ ማን እንደጻፈውና ለምን እንደሆነም ይኑረው። ጥሩ ሒሳብ ያዥ በደብተር ላይ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። እድር የሚፈርሰው በገንዘብ አለመተማመን ሲመጣ ስለሆነ፣ ይህች ደንብ ከየትኛውም ያማረ ገጽ ትበልጣለች።

ኔትወርኩ ሲሄድ

ገንዘብ ያዡ ክፍያ መዝግበው "አስቀምጥ" የሚለውን ነኩ። ኔትወርኩ ጠፋ። ገጹ ይሽከረከራል። ምን ያደርጋሉ? ድጋሚ ይነካሉ፣ እኛም ብንሆን እንነካለን። የመጀመሪያው ጥያቄ ግን ሰርቨሩ ጋ ደርሶ ሊሆን ይችላል፤ የጠፋው መልሱ ብቻ ነው። አሁን አንድ ክፍያ ሁለቴ ተመዘገበ።

በተኑን ማደብዘዝ አይበቃም፤ ሰው ገጹን ሪፍሬሽ ያደርጋል። የሚበቃው ይህ ነው፦ ፎርሙ ሲከፈት የማይደገም አንድ መለያ ቁጥር ይፈጠርለትና ከክፍያው ጋር ይላክ። ዳታቤዙ ላይ ያ አምድ ድጋሚ እንዳይቀበል አድርጉት። ሁለተኛው ጥያቄ ሲመጣ ሰርቨሩ "ይህን ቀድሜ ይዤዋለሁ" ብሎ የመጀመሪያውን ደረሰኝ ይመልስ። የክፍያ ኩባንያዎችም የሚጠቀሙበት ዘዴ በመሠረቱ ይኸው ነው። ኢንተርቪው ላይ ይህን በአምስት ዓረፍተ ነገር ማስረዳት የሚችል ጀማሪ ጠያቂዎቹን ቀና ብለው እንዲያዩት ያደርጋል።

ፍጥነትን በተመለከተ፣ የምትፈትኑበት ስልክ የናንተ ሳይሆን የገንዘብ ያዡ ይሁን። ክሮም ውስጥ ላይትሃውስ የሚባል የገጽ ፍጥነት መለኪያ አለ፣ ኔትወርኩን ቀስ ማድረጊያም አለ። ጉግል ጥሩ የሚለው ልክ የገጹ ትልቁ ክፍል በ2.5 ሰከንድ ውስጥ ሲታይ ነው። እዚያ ለመድረስ ተአምር አያስፈልግም፤ ከስልክ የተነሣ ብዙ ሜጋባይት ፎቶ እንዳለ አትጫኑ፣ አሳንሳችሁ ዌብፒ ወደሚባለው ቀለል ያለ የፎቶ ዓይነት ቀይሩት። የአማርኛ ፎንትም ከሰርቨር አታውርዱ። አንድሮይድም አይፎንም ዊንዶውስም የግዕዝ ፊደል ፎንት አላቸው፤ የእኛ ፎንት ብዙ ፊደል ስላለው ከእንግሊዝኛው ይከብዳል። ይልቅ በመስመርና በመስመር መካከል ያለውን ክፍተት ሰፋ አድርጉት፣ ጽሑፉን አታዝምሙት፤ ለዓይን ያርፋል።

ማስታወሻ በኤስኤምኤስ የምትልኩ ከሆነም ይህን እወቁ። አንድ የእንግሊዝኛ መልእክት 160 ፊደል ይይዛል፣ የአማርኛ ግን 70 ብቻ። ካለፈ እንደ ሁለት ይቆጠራል፣ ብሩም እጥፍ ይሆናል። "ሰላም ጤና ይስጥልኝ" የሚለውን መግቢያ ትታችሁ ስሙን፣ ወሩንና ብሩን ብቻ ጻፉ።

የሰው መረጃ በእጃችሁ ነው

የአባላቱ ስም፣ ስልክ፣ ቤተሰብ፣ ማን እንደከፈለና ማን እንዳቃተው ሁሉ እናንተ ጋ አለ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ጉዳዩ ጨዋነት ብቻ ሳይሆን ሕግም ነው። ሃይማኖት፣ ብሔር፣ የባንክ ቁጥር፣ የማያስፈልጋችሁን አትጠይቁ። የማትይዙትን መረጃ ማንም አይሰርቅባችሁም።

ፓስወርድ እንዳለ ሳይሆን በቢክሪፕት ወይም በአርጎን ቱ ተለውጦ ይቀመጥ። ፍሬምወርካችሁ ያደርገዋል፤ ራሳችሁ አትፍጠሩ። ሰው የጻፈውን ቃል ከኤስኪውኤል (የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ) ጥያቄ ጋር አትቀጥሉት፣ ለብቻው አሳልፉት። ከዚያ ይህን ሞክሩ፦ እንደ ተራ አባል ግቡና የራሳችሁን ገጽ ክፈቱ። አድራሻው መጨረሻ ላይ 12 የሚል ቁጥር ካለ ወደ 13 ቀይሩት። የጎረቤታችሁ ክፍያ ከታያችሁ ትልቅ ቀዳዳ አላችሁ። ሰውየው መግባቱን ብቻ አይታችሁ፣ ያንን ገጽ የማየት መብት እንዳለው አላያችሁም ማለት ነው። ይህ ስህተት ትልልቅ ድርጅቶች ላይም ይገኛል።

ጊት፣ ሰርቨርና ባክአፕ

ጊትን፣ ማለትም የኮዱን ለውጥ ሁሉ የሚመዘግበውን መሣሪያ፣ ብቻችሁን ስትሠሩም ተጠቀሙ። "ፊክስ"፣ "አፕዴት"፣ "ፋይናል" የሚሉ የኮሚት (የተመዘገበ ለውጥ) መልእክቶች ለማንም አይጠቅሙም። "ክፍያ ሁለቴ እንዳይመዘገብ መለያ ቁጥር ተጨመረ" ብላችሁ ብትጽፉ ከስድስት ወር በኋላ ራሳችሁን ታመሰግናላችሁ፤ ጊትሀብ ላይ የሚያያችሁ ቀጣሪም እንዴት እንደምታስቡ ያያል። ለውጭ ሥራ ካሰባችሁ መልእክቱ በእንግሊዝኛ ይሁን። የዳታቤዝ ፓስወርድና የኤፒአይ (ከሌላ ሲስተም ጋር መገናኛ) ቁልፍ ሪፖ፣ ማለትም የኮዱ ማስቀመጫ፣ ውስጥ አይግባ። በስህተት ከገባ መሰረዝ አይበቃም፤ ታሪኩ ውስጥ ይቀራል፣ ስለዚህ ቁልፉን ቀይሩት። የእውነተኛ አባላት ስምም ለሙከራ ብላችሁ እዚያ አታስቀምጡ።

ሰርቨር ላይ ለመጫን የውጭ ካርድ ካላችሁ አማራጩ ብዙ ነው፤ ከሌላችሁ በብር የሚያስከፍሉ የአገር ውስጥ ሆስቲንግ ድርጅቶች አሉ፣ የዶት ኢቲ አድራሻ ደግሞ ከኢትዮ ቴሌኮም ይገኛል። ኤችቲቲፒኤስ (በብራውዘርና በሰርቨር መካከል የሚሄደውን መረጃ የሚመሰጥረው) በሌትስ ኢንክሪፕት አገልግሎት በነፃ ነው፤ ያለሱ አትልቀቁ።

ባክአፕ ላይ አደራ። በጃንዋሪ 31፣ 2017 ጊትላብ በሚባለው የኮድ ማስቀመጫ ድርጅት አንድ ባለሙያ በተሳሳተ ሰርቨር ላይ የዳታቤዙን ፋይሎች አጠፋ። ባክአፕ አላቸው ተብሎ ነበር፣ እንዲያውም በአምስት መንገድ። ሲታይ አንዱም እንደታሰበው አልሠራም፤ በአጋጣሚ በተገኘ ቅጂ ሲመለሱ ወደ ስድስት ሰዓት የሚሆን መረጃ ጠፍቷል። ድርጅቱ ሁሉንም በግልጽ መጻፉ ያስመሰግነዋል። ለእናንተ የሚሆነው ይህ ነው፦ በየሌሊቱ ባክአፕ ውሰዱ፣ ከሰርቨሩ ውጭ አስቀምጡ፣ በወር አንድ ጊዜ ደግሞ ያንን ፋይል ወስዳችሁ ባዶ ዳታቤዝ ላይ መልሱትና የአባላቱን ቁጥር ቁጠሩ። ያልተመለሰ ባክአፕ አለኝ አትበሉ።

ሥራ ፍለጋ ስትወጡ

አሁን ሲቪያችሁ ላይ የምትጽፉት ነገር አላችሁ። "ሪአክት፣ ኖድ፣ ሞንጎ ዲቢ" እያላችሁ ከመደርደር ይልቅ፣ ለማን እንደሠራችሁ፣ ምን ችግር እንደነበረና ምን እንደተለወጠ በሦስት መስመር ጻፉ። ስንት አባል እንዳለውና ከመቼ ጀምሮ እንደሚሠራ እውነተኛውን ቁጥር ጨምሩ። ሲቪው ከአንድ ገጽ አይለፍ። ሪፖው ላይ ሪድሚ የሚባለው ማብራሪያ ገጽ ይኑር፤ የሚሠራ ሊንክ፣ የውሸት መረጃ የተሞላበት መሞከሪያ አካውንትና ሁለት ስክሪንሾት ይበቃሉ።

ኢንተርቪው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ስለሠራችሁት ይጠይቃል፤ ለእሱ ተዘጋጅታችኋል፣ እያንዳንዱን ውሳኔ "ለምን?" ብለው ቢጠይቋችሁ መልስ አላችሁ። ሁለተኛው የአልጎሪዝም ጥያቄ ነው፤ ሊትኮድ በሚባለው የመለማመጃ ድረ ገጽ ላይ ሳትለማመዱ አይታለፍም። ትልልቆቹ የውጭ ድርጅቶች ሰው የሚመርጡት በዚህ ነው፤ ኤቱኤስቪ (A2SV) የሚባለው ድርጅት አዲስ አበባ ላይ ተማሪዎችን ለዚሁ ያሠለጥናል። በየቀኑ አንድ ጥያቄ፣ ጮክ ብላችሁ እያስረዳችሁ ፍቱ። መልሱን አውቆ ማስረዳት ያቃተው ሰው ብዙ ጊዜ ይወድቃል። እዚህ አገር ያሉ ባንኮችና የፊንቴክ ድርጅቶች ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት ኤስኪውኤልና የሠራችሁትን ነው።

ቻትጂፒቲ ወይም ክሎድ መጠቀም ነውር አይደለም፤ እኔም በየቀኑ እጠቀማለሁ። ደንቤ አንድ ብቻ ነው፦ መስመር በመስመር ማስረዳት የማልችለውን ኮድ አላስገባም። ጀማሪ ስትሆኑ ደግሞ መጀመሪያ ራሳችሁ ሞክሩ፣ የስህተት መልእክቱን እስከ መጨረሻው አንብቡ፣ ከዚያ ጠይቁ። የስህተት መልእክት ማንበብ የለመደ ሰው መሣሪያው ሲሳሳት ይነቃል። የካላንደሩን ቅየራ ስታሠሩት በተለይ ተጠንቀቁ፤ በልበ ሙሉነት የተሳሳተ ቀን ሊሰጣችሁ ይችላል። ከላይ ያሉትን ሦስት ቀናት የጻፍኩት ለዚህም ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ የመጀመሪያውን ለእድራችሁ በነፃ ብትሠሩ አልቃወምም። ሁለተኛውን ግን በነፃ አትሥሩ፤ ሌላ እድር ወይም ማኅበር አይቶ "ለእኛም" ሲል ዋጋ ንገሩ። ምን እንደሚካተትና ምን እንደማይካተት በወረቀት ይሁን። ግማሹ በቅድሚያ ይከፈል። የዶሜይኑ ስም በደንበኛው ይመዝገብ፣ በእናንተ አይሁን፤ ብትጣሉ ወይም አገር ብትለቁ ሰዎቹ ሲስተማቸውን ማጣት የለባቸውም። ጥገና ሥራ ስለሆነ ለብቻው በወር ይከፈልበት።

የርቀት ሥራ ስትፈልጉ የሰዓት ቀጠናችን ጥሩ ነው። ከናይሮቢና ከሪያድ ጋር እኩል ነን፣ ከበርሊን በበጋቸው አንድ፣ በክረምታቸው ሁለት ሰዓት እንቀድማለን። ከዋሽንግተን ጋር ግን ሰባት ወይም ስምንት ሰዓት ስለሚሆን የእነሱ ጠዋት የእኛ ከሰዓትና ማምሻ ነው፤ ሥራውን ስትቀበሉ ይህን ከቤተሰባችሁ ጋር ተነጋገሩበት። ቀጠሮ ስትይዙ ደግሞ "በሦስት ሰዓት" ብላችሁ አትተዉት። የካላንደር ግብዣ ላኩ ወይም እንዲልኩላችሁ ጠይቁ፣ መልእክቱ ላይም ሰዓቱን በዩቲሲና በእነሱ ከተማ ሰዓት ጻፉ።